ከአንድ ኤልክ ስንት ኪሎ ሥጋ ይጠበቃል?

ኤልክ ለማደን ፈቃድ ያወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ስንት ኪሎ ሥጋ ይዞ እንደሚመለስ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሸክም ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ከመኪናው ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚያዋጣ፣ ፍሪዘሩ ይበቃ እንደሆነ፣ ለስንት ቤተሰብ እንደሚዳረስ የሚወሰነው በዚሁ መልስ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በኮሎራዶ፣ በተለይም በዴንቨርና በአውሮራ አካባቢ ኖረው የመጀመሪያ ኤልካቸውን ለሚያስቡ አንባቢዎች ነው። በሌላ ግዛት ያላችሁም የክብደቱን ስሌት እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ ሕጉን ግን የየግዛታችሁን ተመልከቱ።

አጭሩ መልስ ይኸውና፦ የቁም ክብደቱን ሲሶ ይጠብቁ። ጎልማሳ ወንድ ከ80 እስከ 100 ኪሎ፣ ጎልማሳ ሴት ከ60 እስከ 75 ኪሎ፣ የዓመቱ ግልገል ከ30 እስከ 40 ኪሎ አጥንት የሌለው ንጹሕ ሥጋ ይሰጣል። ከዚህ በጣም የበዛ ቁጥር የሚነግርዎ ሰው ብዙውን ጊዜ አጥንቱን አብሮ መዝኗል። ከዚህ በጣም ያነሰ ያገኘ ሰው ደግሞ በአብዛኛው እንስሳው ትንሽ ሆኖበት አይደለም፤ ሥጋው በጥይት፣ በሙቀት ወይም በችኮላ ጠፍቶበት ነው። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ስለዚያ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ሊድን የሚችለው ኪሎ ያለው እዚያ ነው።

1. የቁም ክብደቱን ይገምቱ

ኤልክ በሰሜን አሜሪካ ከሙስ ቀጥሎ ትልቁ የአጋዘን ዘር ነው። በሮኪ ተራሮች የሚኖረው ጎልማሳ ወንድ 320 ኪሎ ገደማ፣ ጎልማሳዋ ሴት 230 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። በፓሲፊክ ዳርቻ ያለው የሩዝቬልት ኤልክ ከዚህ ይከብዳል፤ ወንዱ 400 ኪሎ ይደርሳል። የካሊፎርኒያው ቱሌ ኤልክ ደግሞ ያንሳል፤ ወንዱ 250 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከኦሪገን፣ ሌላው ከኮሎራዶ ስለ ኤልክ ሲያወሩ ቁጥራቸው ባይገጥም ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

በሬ መግዛት የለመደ ዓይን እዚህ ሊሳሳት ይችላል። የኤልክ እግር ረጅም ነው፤ የአንገቱ ጠጉር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቀንዱ ሲጨመርበት ከክብደቱ በላይ ገዝፎ ይታያል። ቀንድ ግን ሥጋ አይሆንም። በብዙዎቹ የኮሎራዶ የአደን ክልሎች ወንድ ኤልክ ለመምታት ቢያንስ በአንዱ ቀንዱ ላይ አራት ጫፍ፣ ወይም ከግንባሩ በላይ ያለው ጫፍ በቂ ርዝመት ያለው መሆን አለበት። ይህን መስፈርት ገና ያልጎለመሰ ወጣት ወንድም ያሟላል። ከእንዲህ ዓይነቱ ወጣት ከ95 ኪሎ ይልቅ 75 ኪሎ ገደማ ቢያስቡ ይሻላል።

ወቅቱም ይቆጠራል። ወንዶቹ በመስከረም ወር ሴቶቹን ሲከተሉ፣ ሲጣሉና ሲጮኹ ይሰነብታሉ፤ ሣር ለመጋጥ ፋታ የላቸውም። አንድ ትልቅ ወንድ በዚህ ጊዜ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ በቀስት የተመታና በህዳር መጀመሪያ በጠመንጃ የተመታ ወንድ እኩል አይመዝኑም። ሴቷ ግን መኸሩን ሙሉ ስትበላ ስለምትቆይ ሥጋዋ ለስላሳ ነው። ሐሳብዎ ድስቱ ከሆነ የሴት ፈቃድ ያውጡ። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ቢቀንስብዎም ለጥብስም ለወጥም የምትመረጠው እሷ ናት።

2. ክብደቱ እንዴት እንደሚቀንስ ይከተሉ

320 ኪሎ የሚመዝን ወንድ እንውሰድ። ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ ደሙም ሲፈስስ፣ ከመቶ ሠላሳ በላይ የሚሆነው ይሄዳል፤ 215 ኪሎ ገደማ ይቀራል። ኤልክ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ ጨጓራው ከነያዘው ሣር ብቻውን ከባድ ሸክም ነውና በዚህ አይገረሙ። ቀጥሎ ጭንቅላቱ ከነቀንዱ፣ ቆዳውና ከጉልበት በታች ያሉት እግሮች ሲነሱ 170 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሥጋ አዘጋጆች ሰቅለው የሚመዝኑት ይህንን ነው፤ ብዙ ሰው «ኤልኬ ይህን ያህል መዘነ» የሚለውም ይህንኑ ቁጥር ነው።

አጥንቱ ሲወጣ ወደ 125 ኪሎ ይወርዳል። ከዚህ ላይ ስቡ፣ ጅማቱ፣ በጥይት ደም የቋጠረው፣ በአየር የደረቀው ገጽ ሲላጥ ከ95 እስከ 105 ኪሎ ይቀራል። የሴቷም መንገድ ያው ነው፦ ከ230 ወደ 155፣ ከዚያ ወደ 125፣ አጥንቷ ሲወጣ ወደ 90፣ በመጨረሻም 70 ኪሎ ገደማ።

ስቡን ስለ ማስወገድ አንድ ነገር ልበል፤ ጮማ ለሚወድ ሰው ይህ ይከብደዋልና። የኤልክ ስብ እንደ በሬ ጮማ አይደለም። ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፤ ፍሪዘር ውስጥ ሆኖም ጣዕሙ ይበላሻል፤ ብዙ ሰው «የዱር ሥጋ ይሸታል» የሚለውም በአብዛኛው ከዚሁ ስብ የተነሳ ነው። ያለ ርኅራኄ ይላጡት። ቀዩ ሥጋ ራሱ ከ100 ግራሙ 23 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው ስቡ 2 ግራም አይሞላም።

3. የትኛው ክፍል ስንት እንደሚሰጥ ይወቁ

ከአንድ ወንድ 95 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ ወጣ ብንል፣ አከፋፈሉ በግምት እንዲህ ነው፦ ሁለቱ የኋላ እግሮች 44 ኪሎ፣ ሁለቱ ወርቾች 24 ኪሎ፣ ሽንጡና ፍሌቶው 10 ኪሎ፣ አንገቱ 9 ኪሎ፣ ፍርምባው፣ የጎድኑና የጎኑ ሥጋ አንድ ላይ 8 ኪሎ።

የኋላ እግር የሀብቱ ግማሽ ነው ማለት ይቻላል። ከነአጥንቱ አንዱ ብቻውን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ታፋው ላይ ያሉት ትላልቅ ጡንቻዎች በስስ ሽፋን ተለያይተው የተቀመጡ ስለሆኑ፣ መጋጠሚያቸውን ካገኙ ቢላውን እምብዛም ሳይጠቀሙ በጣትዎ ይለያዩአቸዋል። በዚህ መንገድ ሙሉ ሙሉውን ያውጡት፤ ለጥብስ የሚሆነውንና ለቋንጣ የሚዘለዘለውን የሚመርጡት ከዚህ ነው። ሥጋውን ገና ተራራው ላይ መቆራረጥ አያስፈልግም፤ በተቆረጠ ቁጥር የሚደርቀውና የሚላጠው ገጽ ይበዛል።

ሽንጡ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ከአንገት ሥር እስከ ዳሌ የሚወርደው ረጅሙ ሥጋ ነው። ቢላውን ከአከርካሪው አጥንት ጋር አስጠግተው ካወረዱት ምንም አይቀርም። አጥንቱ ላይ ቀይ ሥጋ ከታየ ተመልሰው ይፋቁት። ፍሌቶው ግን ከውስጥ ነው፤ ከአከርካሪው በታች፣ ከመጨረሻው ጎድን ወደ ኋላ ተደብቆ ይገኛል። ሆድ ዕቃውን ሳያወጡ የሚበልቱ ሰዎች፣ የኤልክን ግዝፈት ለሚፈራ ጀማሪም የምመክረው ይህንኑ ዘዴ ነው፣ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ በጥንቃቄ ቀደው፣ ሆድ ዕቃውን በአንድ እጅ ወደ ታች ገፍተው ፍሌቶውን በሌላው ያወጡታል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው፤ ከእንስሳው ሁሉ የሚለሰልሰውም እሱ ነው።

ወርቹ ጅማት ይበዛበታል። ለጥብስ አይመከርም፤ ለቀይ ወጥና ለሚፈጨው ግን ከእሱ የተሻለ የለም። ቅልጥሙን አይጣሉ፤ ለብዙ ሰዓት በዝግታ ሲበስል ጅማቱ ይቀልጥና መረቁ ይወፍራል።

ስለ አንገት አጥብቄ የምለው አለኝ። ጸጉር የበዛበትና ለመግፈፍ የሚያስቸግር ስለሆነ ብዙ አዳኞች ትተውት ይሄዳሉ። ከትልቅ ወንድ አንገት ላይ 9 ኪሎ መተው ማለት ሽንጡን ከነፍሌቶው እንደ መጣል ነው። ለቅቅል የኤልክ አንገት የሚስተካከለው የለም። የጎድኑንም ሥጋ በአጥንቶቹ መካከል ቢላ አስገብተው አንድ በአንድ ያውጡት፤ ሲፈጭ ከሌላው አይለይም።

ልብና ጉበት በስሌታችን አልገቡም። ልቡ ከ1 ኪሎ ይበልጣል፤ ጉበቱ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ከወሰዷቸው በተለየ ከረጢት ይያዙና ቀድመው ያቀዝቅዟቸው። ጨጓራውን ግን፣ ዱለት ምንም ያህል ቢወዱ፣ ይተዉት። በቂ ውኃና ጊዜ በሌለበት ተራራ ላይ ጨጓራ ማጠብ ሌላውን ሥጋ ማቆሸሽ ነው።

4. ሥጋው የሚጠፋባቸውን ቦታዎች ይዝጉ

የመጀመሪያው ጥይቱ ነው። ኤልኩ በጎኑ እስኪቆምልዎ ይጠብቁና ከወርቹ ኋላ፣ ሳንባና ልብ ባለበት ይምቱ። እዚያ ጎድን ላይ ያለው ሥጋ ስስ ስለሆነ የሚበላሸው ጥቂት ነው፤ እንስሳውም ቶሎ ይወድቃል። የወርቹን አጥንት የሰበረ ጥይት ግን የዚያን ወርች ግማሽ፣ ማለትም 5 ወይም 6 ኪሎ ይዞ ይሄዳል። ከኋላ የተመታ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ታፋው ይበላሻል፣ አንጀቱ ይቀደዳል። እንዲህ ያለ ዕድል ሲያጋጥም አለመተኮስ ይሻላል።

የእርሳስ ጥይት ሲበተን ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች ከቁስሉ ራቅ ብለው ሥጋው ውስጥ ይቀራሉ። እርሳስ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ክፉ መርዝ ነው። ቤትዎ ልጆች ካሉ የመዳብ ጥይት ይጠቀሙ፤ በእርሳስ ከመቱ ግን በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሳይሳሱ ይጣሉ።

ሁለተኛውና ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ሕያው ኤልክ ሰውነቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት አለው። ያ ሙቀት በወፍራም ቆዳና በክረምት ጠጉር ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ ውጭው በረዶ ቢሆንም ታፋው ውስጥ ለሰዓታት እንደ ሞቀ ይቆያል። ሥጋው መበላሸት የሚጀምረውም ከላይ አይደለም። ከዳሌው መጋጠሚያና ከጭኑ አጥንት ዙሪያ ነው፤ ቀን ካለፈው በኋላ አጥንቱን ሲያወጡ በመጥፎ ሽታው ይታወቃል። አንድ ታፋ ከነሙሉው በዚህ ሊጠፋ ይችላል፤ 22 ኪሎ ማለት ነው።

ስለዚህ እንስሳው እንደ ወደቀ፣ ፎቶው ቶሎ ይነሳና ቆዳው ይገፈፍ። ቢላውን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፉ ይቅደዱ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከቀደዱ የተቆረጠ ጠጉር ሥጋው ላይ ይበተናል፣ ያንን መልቀም ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እግሮቹን አንድ በአንድ አውጥተው አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ይክተቱና በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቅርንጫፍ ላይ ይስቀሉ። የላስቲክ ከረጢት ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ትኩስ ሥጋን ማፈን ነው። ቀኑ ከሞቀና መንገዱ ሩቅ ከሆነ ታፋውን እስከ አጥንቱ ድረስ በአንድ በኩል ይክፈቱት። ዓላማዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ከ4 ዲግሪ በታች ማድረስ ነው። በበረዶ ሣጥን ከጫኑት የሚቀልጠውን ውኃ እየከፈቱ ያፍስሱ፤ ሥጋ በውኃ ሲዘፈዘፍ ይነጣል፣ ጣዕሙም ይሄዳል።

በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የቀስት አደን የሚወጡ ሰዎች ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡት። በዚያ ወቅት ቀትር ላይ ተራራው ይሞቃል፤ ዝንብም አለ። ማምሻውን መትቶ «ጠዋት እንፈልገዋለን» ማለት ብዙ ኤልክ አስከፍሏል።

ሥጋውን ከ1 እስከ 4 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ያለሰልሰዋል፤ እስከ አንድ ሳምንት ይበቃል። ሲቆይ ገጹ ይደርቃልና ጥቂት ኪሎ ተላጦ ይወድቃል። ለትልቅ ወንድ ይህ ኪሳራ ተገቢ ነው። ለግልገል ግን አያስፈልግም።

5. ከተራራው ከመውረድዎ በፊት ሕጉን ያሟሉ

የኮሎራዶ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የትልልቅ እንስሳት አደን መመሪያ ያወጣል፤ የዓመቱን ያንብቡ። ከሥጋው ጋር በቀጥታ የሚገናኙት ደንቦች ጥቂት ናቸው። አራቱን እግሮች፣ ሽንጡንና ፍሌቶውን ማውጣት ግዴታ ነው፤ ቀንዱን ይዞ ሥጋውን መተው ከባድ ጥፋት ነው። የእንስሳው ፆታ ማስረጃ ከሥጋው ጋር በተፈጥሮው እንደተያያዘ መቆየት አለበት፤ ሥጋውን ሁሉ ከአጥንት ለይተው የሚያወርዱ ከሆነ ይህን እንዳይረሱ። መለያ ወረቀቱም ከሥጋው ጋር ይጓዛል። ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ማጠናቀቅ አለበት።

ሌላው የበሽታ ምርመራ ነው። ሲ ደብሊው ዲ የሚባለው፣ አጋዘንንና ኤልክን አንጎላቸውን አጥቅቶ የሚያመነምን በሽታ መጀመሪያ የታየው በ1967 እ.ኤ.አ. እዚያው ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ውስጥ ነበር። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት በሽታው የተገኘበትን ሥጋ እንዳይበሉ ይመክራሉ። መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ በሚመርጣቸው ክልሎች ምርመራው ግዴታ ነው። ግዴታ ባይሆንም ያስመርምሩ። ጭንቅላቱን ለናሙና ያቅርቡ፤ አከርካሪውን በመጋዝ አይሰንጥቁ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለማንም አያከፋፍሉ። ከግዛቱ ውጭ የሚወስዱ ከሆነ ከአጥንት የተለየ ሥጋ ይዘው ቢሄዱ ይቀላል፤ ብዙ ግዛቶች አንጎልና አከርካሪ ያለበትን ሥጋ አያስገቡም።

6. ሸክሙን ከጥይቱ በፊት ያስሉ

ኤልክ የሚገኘው በአብዛኛው ከ2,400 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለከፍታው እንግዳ ባይሆንም፣ ሸክም ይዞ ቁልቁለት መውረድና አቀበት መውጣት ሌላ ነው። ጠንካራ ሰው በአንድ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይሸከማል። አጥንቱ የወጣለት ትልቅ ወንድ እንግዲህ አራት ወይም አምስት ሸክም ነው፤ ከነአጥንቱ ከሆነ ስድስት ወይም ሰባት። ብቻዎን ከመኪናው 4 ኪሎ ሜትር ርቀው ከመቱ፣ እየተመላለሱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ፤ በዚህ መካከል የመጨረሻው ሸክም ሙቀት ሲያገኘው ይውላል። እኔ ብቻውን ለሚወጣ ሰው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ አልመክርም። ሦስት ሆናችሁ ከወጣችሁ 4 ኪሎ ሜትሩ ይቻላል። ከዚያ በላይ ፈረስ ያስፈልጋል።

ሥጋውን ራስዎ የማይበልቱት ከሆነ አዘጋጁን አስቀድመው ያናግሩ። ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ የሚያስከፍለው በተሰቀለው ክብደት ነው ወይስ በንጹሑ ሥጋ? የሚመልስልኝስ የራሴን ኤልክ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ የተፈጨ? በንጽሕና ያወረዱትን ሥጋ ከሰው ጋር አያቀላቅሉ።

7. ክፍፍሉን እንደ ቅርጫ፣ ያለ ገንዘብ ያድርጉት

የቅርጫ ደንብ ለኤልክ በትክክል ይሆናል፦ ከታፋውም፣ ከወርቹም፣ ከሽንጡም፣ ከአንገቱም ለየመደቡ እኩል ይደረስና ዕጣ ይጣላል። 95 ኪሎ ለአራት ቤተሰብ ሲከፈል ለእያንዳንዱ 24 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ ከዚህ 11 ኪሎው ከታፋ፣ 6 ኪሎው ከወርች፣ 2 ኪሎ ተኩሉ ከሽንጥና ከፍሌቶ፣ ቀሪው ከአንገትና ከጎድን ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ከቅርጫ ፈጽሞ ይለያል። የዱር እንስሳ ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው። ዘመድም ቢሆን፣ የማኅበር ወዳጅም ቢሆን፣ ለሥጋው ድርሻ ብሎ ገንዘብ መቀበል ሕግ መጣስ ነው። ስጦታ ይስጡ እንጂ አያስከፍሉ። ሲሰጡም የእርስዎ ስም፣ የፈቃድ ቁጥር፣ የሥጋው ዓይነትና መጠን፣ የታደነበት ቀን ያለበት የተፈረመ ወረቀት ከሥጋው ጋር ያድርጉ፤ ዝርዝሩን ከዓመቱ መመሪያ ያመሳክሩ። ሥጋ የሚፈልጉት ብዙ ከሆናችሁ የተሻለው መንገድ እያንዳንዱ የራሱን ፈቃድ አውጥቶ አብሮ መውጣት ነው። በሌላው ሰው ፈቃድ መምታት ግን አይቻልም፤ የራሱን ኤልክ የመታ ሰው መተኮሱን አቁሞ ሌላውን በሸክም ያግዝ።

ከክፍፍሉ በፊት የሚነሳ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይበላል ወይ? ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት መካከል የተጠራው ዋላም የዚሁ ወገን ነው። አስቸጋሪው በጥይት መውደቁና የአስተራረዱ ነገር ነው። ኦርቶዶክሳውያን የነፍስ አባታችሁን፣ ሙስሊሞች ስለ አደን ድንጋጌና ስለ ቢስሚላህ ኢማማችሁን ጠይቁ፤ ጥያቄው ፈቃድ ከመግዛት በፊት ይሁን። ሥጋውን የሚቀበሉ ቤተሰቦችም እንዴት እንደታደነ በግልጽ ይነገራቸው። ሰው የማይበላውን በዝምታ ማቅረብ ተገቢ አይደለም።

8. ፍሪዘሩንና ጾሙን አብረው ያስቡ

የጠመንጃው አደን በኮሎራዶ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ህዳር አጋማሽ ባለው ጊዜ በየምዕራፉ ይካሄዳል። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ይገባል። በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች የቀናው ጿሚ ቤተሰብ እንግዲህ ያን ሁሉ ሥጋ ይዞ በቀጥታ ወደ 43 ቀን ጾም ይገባል ማለት ነው። ማከማቻው አስቀድሞ ካልታሰበ ችግር ነው።

95 ኪሎ በደንብ የታሸገ ሥጋ 7 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ ፍሪዘር ይሞላል። ኩሽና ባለው ማቀዝቀዣ ላይ ያለው ትንሹ ፍሪዘር ይህን ሁሉ አይችልም። አየር ወጥቶለት የታሸገ ሙሉ ሥጋ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ዓመት ይቆያል፤ የተፈጨው ግን በአራት ወይም በአምስት ወር ቢያልቅ ይሻላል። በመሆኑም ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያስፈጩ፤ ወርቹን ሙሉውን ያስቀምጡና በሚፈልጉት ጊዜ ይፍጩት።

አምስት ሰው ያለበት ጿሚ ቤተሰብ ምን ያህል ይበቃዋል? ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ነቢያት 43፣ ፍልሰታ 15፣ በየዓመቱ የሚረዝመውና የሚያጥረው ጾመ ሐዋርያት ሲደመሩ ሥጋ የሚበላባቸው ሳምንታት 32 ገደማ ናቸው። በሳምንት 1 ኪሎ ተኩል ቢወጣ በዓመት 48 ኪሎ ነው። አንድ ትልቅ ወንድ ለሁለት እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ዓመቱን ይበቃል፤ አንዲት ሴት ለአንድ ቤተሰብ በቅታ ለስጦታ ትተርፋለች። የማይጾም ቤት በዚሁ መጠን 78 ኪሎ ይፈልጋል።

ቦታ ከጠበበ መፍትሔው ቋንጣ ነው። የኤልክ ታፋ ስብ ስለሌለው ለቋንጣ እንደ ተፈጠረ ነው፤ የኮሎራዶ አየርም ደረቅ ነው። 10 ኪሎ ጥሬ ሥጋ 3 ኪሎ ገደማ ቋንጣ ይወጣዋል። የዱር ሥጋ በመሆኑ ግን በአየር ብቻ አያድርቁት፤ ዝልዝሉን በምድጃ 71 ዲግሪ ካደረሱ በኋላ ያድርቁት። በዚሁ ምክንያት ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ከኤልክ አይሠራም። ማቀዝቀዝ ባክቴሪያን አይገድልም፤ የተፈጨው እስከ 71 ዲግሪ ይብሰል። ጥብሱ ላይ ደግሞ ቅቤውን በርከት አድርገው፣ እሳቱን አበርትተው፣ ጊዜውን ያሳጥሩ፤ የራሱ ጮማ የሌለው ሥጋ እሳት ላይ ሲቆይ ይደርቃል።

እያንዳንዱን እሽግ በአንድ ኪሎ ልክ አድርገው የክፍሉን ስምና ቀኑን ይጻፉበት። የኋላ እግሩን ከታች፣ ለገና የሚሆነውን ሽንጥ ከላይ ይደርድሩ፤ ከታኅሣሥ 27 ጀምሮ ወደ ፍሪጅ አውርደው በዝግታ እንዲቀልጥ ያድርጉት።